ፊቱ ወደ ውስጥ

መስከረም 18

ለድንቢጤ፣

ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ እንዳልጽፍ ጉልበቴ ይታዘበኛል። ስለዚህ ከናፍቆትሽ፣ ከጉልበቴ፣ ከግራ ጆሮዬና ከጎረቤቴ በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን የአውቶብሱ ሾፌር ትናንት አደረሰልኝ። ከፍቼ ሳየው ዶሮ ቀለም ረግጣ ያለፈችበት ወረቀት መሰለኝና፣ "ይሄ የእኔ አይደለም፤ ለዶሮ አርቢዋ ይሆናል" ብዬ ልመልስለት ነበር። ኋላ ታች ላይ "የእርስዎው ድንቢጥ" የሚለውን አየሁ። ልጅ ሆነሽ እኔ ጉልበት ላይ ተቀምጠሽ ስትጽፊ "ሀ"ሽ እንደ በር ቀጥ ያለ ነበር። አሁን ፊደሉ ሁሉ ተጋድሟል። ምን ነካቸው? ደከማቸው?

በስልክ እንነጋገር እንዳልል፣ ያንቺን ስልክ በር ላይ ሳጥን ውስጥ ይቆልፉባችኋል፤ የእኔን ጆሮ ደግሞ ዕድሜ ቆልፎታል። ባለፈው ስንደዋወል ሰፈሩን ሁሉ አስነስተን እኛ ግን ሳንግባባ ተለያየን። ደብዳቤ ይሻላል፤ ደብዳቤ አይጮህም።

"እርስዎ ልብስ ሲሰፉ በኖሩበት ዘመን ጣትዎ ደንዝዞ ያውቃል ወይ? የምጠይቀው ለአንዲት ጓደኛዬ ነው" ብለሻል። ድንቢጤ፣ እኔ አያትሽ ነኝ። ስኳር ሰርቀሽ "ጉንዳን ነው የበላው" ስትዪኝም አምኜሽ አላውቅም። እስቲ ስለዚህች ጓደኛሽ ንገሪኝ። እሷም እንዳንቺ ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይነካም? እሷንም አያቷ ነው ያሳደጋት?

እንግዲህ ለጓደኛሽ እንዲህ በያት። አዎ፣ ይደነዝዛል። መርፌ ሲይዝ የዋለ ጣት ሲመሽ ይነዝራል፤ ጠዋት ይነቃና ሥራው ይገባል። ይሄ የደህናው ነው። ጠዋት የልብሷን ቁልፍ መቆለፍ ካቃታት፣ ብርጭቆ ሳታውቀው ከእጇ ከወደቀ ግን የደህና አይደለም። ሐኪም ዘንድ ትሂድ። ያላትንም ትጻፍልኝ፤ በራሷ ስም።

አያትሽ፣ ጡረተኛው ልብስ ሰፊ

ጥቅምት 3

ለአባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ጎረቤትዎስ?

ስኳሩን የበላው ጉንዳን ነው፤ እስከ ዛሬ በዚህ ቃሌ እጸናለሁ። ጓደኛዬ ግን እኔ ነኝ። ይቅርታ አባባ። የደበቅሁዎት ተጨንቀው እንዳይታመሙብኝ ብዬ ነው።

ሥራችንን ያውቁታል፤ የሆቴሎች ልብስ ማጠቢያ ነው። አንሶላው ከመተኮሻው ማሽን ሲወጣ ያቃጥላል። አንዱን ጫፍ እኔ እይዛለሁ፣ ሌላውን መሰላል ትይዛለች። መሰላል ያልኳት ቁመቷን አይቼ ነው፤ እሷ ከላይ እኔ ከታች ስለሆንን አንሶላችን ሁልጊዜ ተዳፋት ነው። መዘርጋት፣ መወጠር፣ ጫፍና ጫፍ ማጋጠም፣ እንደገና መወጠር። ቀኑን ሙሉ ይሄው ነው። ከክረምቱ ወዲህ ጫፉ ከጣቶቼ ሹልክ ይላል። መሰላል "ያዢ እንጂ!" ስትለኝ እኔ የያዝኩ እየመሰለኝ ነው።

ሐኪሟ በእጄ አንጓ የሚያልፍ ነርቭ ተጨንቋል አለችኝ። ይቀደዳል፣ ይፈታል፣ ከዚያ ስድስት ሳምንት ምንም ነገር መያዝ አይቻልም። በሥራዬ የተሰጠኝ የሕክምና ካርድ ስላለ ኦፕራሲዮኑ ይከፈልልኛል። ቀጠሮው ታኅሣሥ ነው። ከዚያ ከዘገየ የአውራ ጣቴ ሥር ያለው ሥጋ ይሟሽሻል አለችኝ፤ የሟሸሸ ደግሞ አይመለስም።

አለቃችንን ጠየቅኋቸው። በማሽኑ ጩኸት ስለማንሰማማ በፊሽካ ነው የሚጠሩን፤ እትዬ ፊሽካ የምንላቸው ለዚህ ነው። "ታመሽ ስትቀሪ ሥራሽ የሚጠበቅልሽ አንድ ዓመት ካገለገልሽ ነው" አሉኝ። አባባ፣ እዚህ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው። ግን የቀጠረኝ ኤጀንሲ በየአሥር ወሩ ውላችንን ይዘጋና፣ ጥቂት ቀን ቤት አስቀምጦን አዲስ ውል ያስፈርመናል። ስለዚህ ሁልጊዜ አዲስ ገቢ ነኝ።

ምን ይሻለኛል? እባክዎ ጎረቤትዎን አቶ አንቀጽን ይጠይቁልኝ።

የእርስዎው ድንቢጥ

ጥቅምት 14

ለዘላለም አዲሷ ሠራተኛ፣

አራት ዓመት ሠርተሽ አንድ ዓመት ካልሞላሽ፣ በዚያ ሂሳብ እኔም ገና ጎረምሳ ነኝ። ኤጀንሲሽን ለምኚልኝ፤ በየአሥር ወሩ ዕድሜዬን ይዝጋልኝና አዲስ ያስፈርመኝ።

አቶ አንቀጽ እንዳልረሳሽው ሲሰማ ኮቱን ለብሶ መጣ። ታውቂዋለሽ፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ሲያገላብጥ አርጅቶ፣ ዛሬ ሚስቱ ሽንኩርት ግዛ ስትለው "በየትኛው አንቀጽ?" ይላታል። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበበና መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን ሲያወልቅ አልወድም።

"ትልቁ በር ዝግ ነው" አለኝ። "ሕጉ አንድ ዓመት ያልሞላውን አያውቀውም። ውሉ ደግሞ እንዳይሞላላት ተብሎ ነው የተሰፋው።"

"ስፌቱን እኔ ልየው፤ ስፌት መተርተር ሙያዬ ነው" አልኩት።

"ይሄን በምላጭ አትተረትረውም" አለኝ። "ይሁንና..." ብሎ ጣቱን አነሳ። ይሄ ሰውዬ "ይሁንና" ሲል ብቻ ነው የምወደው።

ይሁንና ሕጉ ባያስገድዳቸውም በፈቃዳቸው ሊሰጡሽ ይችላሉ። ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ፈቃድ አለ፤ ጠይቂ። አጠያየቅሽ ግን በጽሑፍ ይሁን፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ። በአፍ የተሰጠ ፈቃድ የሳሙና አረፋ ነው፤ ስለ ሳሙና እኔ አንቺን አላስተምርም። እሱ እስኪሆን ደግሞ ሐኪሟ "ቀላል ሥራ ይሰጣት" የሚል ወረቀት ትጻፍልሽ። እዚያ ግቢ የሠራተኛ ማኅበር አለ ብለሽኝ ነበር አይደል? ሊቀመንበሩ ጢማም ነው ያልሽው? እሱንም አነጋግሪው። ጢም ያለው ሰው አንዳንዴ ቁም ነገር አያጣም፤ እኔን አይተሽ አትፍረጂ።

ደግሞ አንድ ነገር፤ ሁለተኛ አትደብቂኝ። ተጨንቄ እንዳልታመም ብለሽ ነው፤ እኔ ግን የታመምኩት ሳትነግሪኝ ነው። ፊደሎችሽ ቀድመው ነግረውኛል።

አያትሽ

ኅዳር 1

ለድንቢጤ፣

ደብዳቤሽን ሾፌሩ ቆሞ እየጠበቀኝ አነበብኩት። "አባት፣ ደህና ነው?" አለኝ። "ሁሉም እንደጠበቅነው ነው" አልኩት። መልካም ወሬ መሰለውና ጡሩምባውን ነፍቶልኝ ሄደ።

ጢማሙ ሊቀመንበር ሻይ ጋብዞ ሸኘሽ ማለት ነው። አባል መሆን የሚችለው የድርጅቱ ሠራተኛ ነው፤ አንቺ የኤጀንሲው ነሽ። ኤጀንሲው ደግሞ "እኔ የማቀርበው አገልግሎት እንጂ ሠራተኛ አይደለም" ይላል። በዚህም ዞርን በዚያ፣ የልጅ ልጄ ሰው አይደለችም፤ አገልግሎት ናት። እንኳን ደስ አለሽ። ታዲያ አገልግሎት እጁ ይደነዝዛል እንዴ? ብለሽ ብትጠይቂው ኖሮ።

ስለ ቀላሉ ሥራ ያልሽውን አቶ አንቀጽ ሲሰማ መጀመሪያ ደስ አለው፤ "አየህ፣ የሐኪም ወረቀት ይከበራል!" አለ። እርጥቡን ፎጣ ከማጠቢያው አውጥተሽ ጋሪ ላይ የምትጭኚበት ቦታ እንዳስገቡሽ ሳነብለት መነጽሩን አወለቀ። ውሃ የጠጣ የሆቴል ፎጣ! ቀላል ያሉት ለማን ነው? ለጋሪው ነው? ሳምንት ሳይሞላሽ ራስሽ ለምነሽ ወደ አንሶላሽ መመለስሽን ሳነብ፣ እኔም እንደ ሞኝ "እሰይ" አልኩ። ወደሚጎዳሽ ቦታ በመመለስሽ እሰይ አልኩ። እዚህ ደርሰናል።

የመጨረሻውን ደግሞ ደጋግሜ አነበብኩት። ሥራ አስኪያጁ ማመልከቻሽን ተቀብሎ፣ "ችግር የለም፤ ታከሚና ስትድኚ ትመጫለሽ" አለሽ። "በጽሑፍ ይስጡኝ" ስትዪው ሳቀ። "እኛ ቤተሰብ ነን፤ በቤተሰብ መካከል ወረቀት ምን ይሠራል?" አለሽ። ልጄ፣ እኔ ብዙ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ብሎ የሚጀምር ቤተሰብ ርስት ሊካፈል ነው። ከእናንተ በፊት መተኮሻው ላይ የነበረችው ሴትዮም ቤተሰብ ነበረች። በቃሉ ተማምና ወልዳ ስትመለስ፣ በየቀኑ ሰላም ስትለው የኖረችው ዘበኛ "አላውቅሽም" አላት ብለሽኛል። ስለዚህ አልሄድም ያልሽው ልክ ነው። ቀጠሮሽን ግን እንዳትሰርዢ። ሌላ እናስባለን፤ አቶ አንቀጽ ራስሽ ለቅቀሽ፣ ታክመሽ እንደ አዲስ ማመልከቱን አስቢበት ይልሻል።

እኔም ያቅሜን ሞክሬአለሁ። ያለ ካርድሽ የምትታከሚበት ባገኝ ብዬ የስፌት መኪናዬን ልሸጥ አንዱን ሰው ጠራሁ። ዙሪያዋን ሦስት ጊዜ ዞሮ አያትና፣ "አባት፣ ይቺ ከእርስዎ ትበልጣለች?" አለኝ። "ታላቄ ናት፤ ባርኔጣህን አውልቅ" አልኩት። ባርኔጣውን ሳያወልቅ፣ እሷንም ሳይገዛ ሄደ።

አውራ ጣትሽን በየቀኑ እያየሽ ጻፊልኝ።

አያትሽ

ኅዳር 12

ለአባባ፣

ታላቅዎን እንዳይሸጧት። እሷ ከሄደች ማንን ሊሳደቡ ነው?

የአቶ አንቀጽን ሐሳብ አሰብኩበት። ሥራውን ራሴ ለቅቄ፣ ታክሜ፣ ከዳንኩ በኋላ እንደ አዲስ ማመልከት። አዲስ መሆኑን እንደሆነ ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር። ኤጀንሲው ቢሮ ያለችውን ልጅ ስጠይቃት ግን፣ ካርዱ የሚዘጋው ሥራ በለቀቅሁበት ቀን ነው አለችኝ፤ አንድ ቀን እንኳ አያድርም። የምተኛበት አልጋም የእነሱ ነው። ስለዚህ አባባ፣ ካልለቀቅሁ ፈቃድ የለኝም፤ ከለቀቅሁ ካርድ የለኝም። ልጅቷ አዝናልኛለች። "እኔም የአሥር ወር ነኝ" አለችኝ ቀስ ብላ።

አውራ ጣቴን አያለሁ። ከግራው ጋር ሳስተያየው ሥሩ ጠፍጠፍ ብሏል። ምናልባት መስሎኝ ይሆናል። ትናንት የልብሴን ቁልፍ መሰላል ቆለፈችልኝ፤ አንድ ቁልፍ ዘልላ ስለቆለፈች ቀኑን ሙሉ ሰው ሳቀብኝ።

መሰላል ደግሞ ምን ትላለች መሰለዎ? ትንሿ እህቷ ሥራ ፈት ናት፤ ቁመቷም እንደ እኔ ነው። "እሷን በቦታሽ ላቁማት፤ ማን ያውቃል?" ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ እዚያ ውስጥ ሁላችንም በኮፍያና በአፍ መሸፈኛ ተጠቅልለናል። የሚታየው ዓይናችን ብቻ ነው፤ እሱም በእንፋሎቱ የሁላችንም ቀይ ነው። ስቀን ተውነው።

የግቢው ቧንቧ ተሠራልዎ?

የእርስዎው ድንቢጥ

ኅዳር 20

ለድንቢጤ፣

ቧንቧው አልተሠራም፤ ቧንቧው ይቆየን። ለምንድን ነው ስቃችሁ የተዋችሁት?

እኔ እኮ እስከ ዛሬ አንድም ሐሳብ አላዋጣሁም። ሁሉም የአቶ አንቀጽ ነበር፤ የእሱ ሐሳብ ሁሉ ደግሞ በር እያንኳኳ ተመለሰ። በር እንቢ ካለ በአጥር ነው። ለመሆኑ የመሰላል እህት እንዴት እንዳንቺ አጠረች? እናታቸው የመጀመሪያዋን ሲሰፉ ጨርቁን ጨርሰውት ይሆናል።

ለአቶ አንቀጽ ሹክ አልኩት። ጆሮውን ይዞ፣ "እኔ ይሄን አልሰማሁም!" ብሎ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ።

"ከተያዘች ማታለል ይባላል" አለኝ።

"እስክትያዝ ድረስስ?"

አሰበ፣ አሰበ። "እስክትያዝ ድረስ ስም የለውም" አለ።

እንግዲህ ስም በሌለው ነገር እንሂድ። ልጅቷ ስድስቱን ሳምንት ባንቺ ቦታ ትቁም፤ ለድካሟም ደመወዙን ትውሰድ። አንቺ ካርድሽን ይዘሽ ታከሚ። ስትመለሺ እሷ ትወጣለች፣ አንቺ ትገቢያለሽ፤ ሥራሽ አንድ ቀን እንኳ ባዶ አልነበረም ማለት ነው። ብቻ በደንብ አስተምሯት። አረማመድሽን ታጥና፤ አንቺ ስትሄጂ ዕዳ ያለብሽ ይመስል ቶሎ ቶሎ ነው። ኮፍያሽን ወደ ግራ ማዘንበልሽን አትርሳ። ፊሽካው ሁለት ጊዜ ሲነፋ ያንቺ ጥሪ ነው ብለሽኛል፤ እንዳትደነብር፣ ግን እንዳትፈዝም። በእረፍት ሰዓት የምትቀመጪበት ደረጃ ላይ ትቀመጥ። አታውራ። ካወሩባት ጉሮሮዬን አሞኛል ትበል፤ እንዳንቺ ሁለቴ ትሳል።

ስለ ሥራው አትጨነቁ። አንሶላ ማጠፍ ማንም ይችላል፤ ግድግዳው ላይም ሥዕሉ ተለጥፏል ብለሽኛል።

ድንቢጤ፣ ይሄን ስጽፍ ድሮ ሙሽሮች ልብስ ሊለኩ ሲመጡ ሳሾፍባቸው ይይዘኝ የነበረው ዓይነት ደስታ ይዞኛል። ከመስከረም ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

አያትሽና ተባባሪሽ

ታኅሣሥ 9

ለድንቢጤ፣

ቀጠሮሽ ማክሰኞ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሾፌሩ ባዶ እጁን መጣ። "የምን ደብዳቤ ትጠብቃለህ?" አልኩት፤ "እጇ እኮ ታስሯል። ፋሻ የተጠቀለለ እጅ ሲጽፍ አይተህ ታውቃለህ?"

ስለዚህ ዝምታሽ ደስ ብሎኛል። በየቀኑ ደስ ይለኛል። አቶ አንቀጽም መጥቶ አብሮኝ ደስ ይለዋል፤ ሁለታችን በር ላይ ተቀምጠን ደስ እያለን መንገዱን እናያለን።

ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ የምትጽፊው ለእኔ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ዶሮዋ ሰበብ የላትም።

አያትሽ

ታኅሣሥ 24

ለድንቢጤ፣

ደብዳቤው ደረሰኝ። ፊደሉ ሲያምርብኝ ጊዜ ያንቺ እንዳልሆነ አወቅሁ። አንቺ እየነገርሻት የጻፈችው መሰላል ናት። መጨረሻ ላይ ሳትነግሪያት የራሷን ጨምራለች፤ ይህን ታውቂ እንደሆነ እንጃ።

እኔ የገባኝን ልበልና፣ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

ልጅቷ ሁሉን በደንብ አድርጋለች። አረማመዷ፣ ኮፍያዋ፣ ሳሏ። እትዬ ፊሽካ በአጠገቧ አልፋ አላወቀቻትም። የተያዘችው በአንሶላው ነው። አንቺን ሕፃን ሆነሽ ጨርቅ ማጠፍ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። የልብስ ሰፊ አስተጣጠፍ ፊቱ ወደ ውስጥ ነው፤ አቧራና ፀሐይ የሚበላው ጀርባውን እንዲሆን። አንቺ ለመሰላል አስተማርሻት። የግድግዳው ሥዕል ግን ፊቱን ወደ ውጭ ይላል፤ የሆቴሉ ዓርማ እንዲታይ። እናንተ አራት ዓመት ሙሉ ስትሳሳቱ ማንም አላያችሁም። የሆቴሎቹ አልጋ አንጣፊዎች እንዲያውም ለመዱት፤ አንድ ጊዜ ሲያራግፉት ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ አልጋው ላይ ይተኛል። ምስኪኗ ልጅ ሥዕሉን አይታ በትክክል አጠፈች። መሰላልም ክርክር ፈርታ ተከተለቻት። ከሰዓት በኋላ ከሆቴሉ ተደወለ፤ "የዛሬው አንሶላ ተገልብጦ ይዘረጋል፤ አጣፊዎቻችንን ምን አደረጋችኋቸው?" ተባለ። እትዬ ፊሽካ መጣች፣ የአፍ መሸፈኛውን ዝቅ አደረገች።

አራት ዓመት የተሳሳተው አልተያዘም። ትክክል የሆነው በአንድ ቀን ተያዘ።

አንቺ በዚያ ሰዓት የሆስፒታሉን ጋውን ለብሰሽ አልጋ ላይ ነበርሽ። ሐኪሟ የምትቀድበትን ቦታ በእስክሪብቶ አስምራልሽ ነበር። ከዚያ የሒሳብ ክፍሉ ልጅ መጥቶ ከሥራ ስለተሰናበትሽ ካርድሽ ተዘግቷል አለ። ልብስሽን መልሰሽ ስትለብሺ ቁልፉን የሚቆልፍልሽ አልነበረም። መሰላል በራሷ የጨመረችው ይሄን ነው። መስመሩ እስካሁን ከእጇ አልለቀቀም፤ አንዳንዴ እሱን ስታይ አገኛታለሁ ብላ ጽፋለች።

ልጅቷን ባንቺ ቦታ ቀጠሯት አልሽ። "ማጠፍ የምታውቅ ናት" ብለው። መሰላልንም ያላባረሯት አንሶላ ለብቻ ስለማይታጠፍ ነው። ለመሰላል ንገሪያት፤ ይቅርታ ትለምነኛለች፣ ምንም አላጠፋችም። እህቷም አላጠፋችም። አረማመድ ሳይቀር ዘርዝሬ ጽፌ፣ "ማጠፍ ማንም ይችላል" ያልኩት እኔ ነኝ። በእጄ ያስተማርኩሽን ነገር እኔው ረሳሁት።

አቶ አንቀጽን መንገድ አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ኮቱን አልለበሰም ነበር። ጣቱን ያነሳል ብዬ ጠበቅሁ። "ይሁንና" አላለም።

ነይ። ቤቱ ያው ነው።

አያትሽ

ጥር 15

አባባ፣

በግራ እጄ ነው። ስለዚህ ጠማማም አጭርም ነው።

አሁን ፈቃድ ሞልቶኛል። በፊሽካ የሚጠራኝ የለም። እንዳሰኘኝ አርፋለሁ። የቀረው የሚያክመኝ ብቻ ነው።

ነጻ የሚያክሙበት ሄድኩ። ወረፋው የከርሞ ነው። እዚያ ያለው ሐኪም ጣቴን አየና፣ "ለምን ዘገየሽ?" አለኝ። ሥጋው ሄዷል። ሥሩ ጎድጉዷል።

ኤጀንሲው ጠራኝ። ሌላ ማጠቢያ ቤት አዲስ ውል አለ አሉኝ። ሮጬ ሄድኩ። "እጅሽን አሳዪን" አሉኝ። አሳየኋቸው።

አልጋው የእነሱ ስለነበር አሁን መሰላል ክፍል ነኝ። እህቷ ጠዋት ጠዋት የልብሴን ቁልፍ ትቆልፍልኛለች። ከዚያ ሥራዬ ትሄዳለች። አሁን ፊቱን ወደ ውስጥ ታጥፋለች። ሆቴሎቹ ናቸው የጠየቁት። እኔ ነኝ ያስተማርኳት፤ በአፌ።

ነይ ብለዋል። መጥቼ በምን እጄ እጦርዎታለሁ? እዚህ ሆኜ ልሞክር።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ባለፈው ደብዳቤዎ ቀልድ አልነበረበትም። እሱን ነው የፈራሁት። ይሄን ፊደል አይተው ዝም እንዳይሉኝ። እንደ ድሮው ይሳቁብኝ።

ድንቢጥ

ጥር 23

ለድንቢጤ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ቀልድ ስፈልግልሽ ሾፌሩ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለቴም ገና ነው ብዬ መለስኩት። አሁን ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ፊደልሽ በጣም ያምራል፣ ልጄ። "ሀ"ሽ ቀጥ ብሏል።

አያትሽ